ለፍላቂቷ እናት የወሰድኩት አልበም

ሳጥኑን የገዛሁት ለክርና ለጨርቅ ማስቀመጫ ብዬ ነበር። አይጥ አስመርሮኛል። ላሊበላ ተቀምጬ የሀገር ልብስ መስፋትና መጥለፍ ከጀመርኩ ከሃያ ዓመት በላይ ሆነኝ፤ በዚህ ሁሉ ዘመን ከደንበኛም ከባሌም ስጣላ ኖሬአለሁ፣ እንደ አይጥ ደሜን ያፈላው ግን የለም። ታዲያ አንድ ቀን ከላይ ሰፈር ያለ ደንበኛዬ የሟች አክስቱን ቤት ሲያጸዳ፣ ክዳኑ ግጥም የሚል የጥድ ሳጥን ደጅ አውጥቶ አየሁና «ይኼማ የእኔ ነው» አልኩት። አልተከራከረኝም፤ ያውቀኛል።

ቤት አስገብቼ ሳጸዳው፣ ከግርጌው ከተነጠፈው ካርቶን ስር አንድ ነገር እጄን ያዘኝ። በነጠላ ቁራጭ የተጠቀለለ፣ በክር ዙሪያውን የታሰረ የፎቶ አልበም ነው። ክሩ የተቋጠረው እንዳይፈታ ተብሎ ነበር። ትዕግሥት የሚባል ነገር አልፈጠረብኝምና በጥርሴ በጠስኩት።

ገጾቹ ጥቁር ወረቀት ናቸው፤ በየመሀላቸው እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ ወረቀት አለ። በትራስ ተደግፎ የተቀመጠ ሕፃን አየሁ። ቀጥሎ ያው ሕፃን ወንበር ይዞ ቆሟል። ያው ልጅ የፊት ጥርሱ ወልቆ ደብተር ታቅፏል። ከዚያ ፎቶዎቹ ባለ ቀለም ሆኑ፤ ልጁም ቁመቱ ተመዘዘና ትከሻው ላይ የሰፋ ጃኬት ለብሶ ግድግዳ ተደግፎ ቆመ። መጨረሻ ላይ፣ ያለ ቦታው የተለጠፈ የሚመስል አንድ የድሮ ጥቁርና ነጭ ፎቶ አለ፤ ሁለት ወጣት ሴቶች አንድ ዓይነት ጥልፍ ቀሚስ ለብሰው ጎን ለጎን ቆመዋል። ከእነሱ በኋላ ያለው ሁሉ ባዶ ገጽ ነው።

በእኛ አገር ይኼ ምን እንደሆነ ለማወቅ ጠንቋይ ቤት መሄድ አያሻም። ልጅ የሞተባት እናት ፎቶውን እንድታይ አይፈቀድላትም። ለቀስተኛው ሳይበተን፣ የምትታመን ወዳጅ ፎቶውንም ልብሱንም ሰብስባ ከዓይኗ ታርቅላታለች። ሙት ዓመቱ ካለፈ፣ እናትየዋም እህል መቅመስና ሰው ማነጋገር ከጀመረች በኋላ ቀን ተፈልጎ ይመለስላታል። ይኼኛው ሳይመለስ ቀርቷል። ስለዚህ ያቺ እናት በሕይወት ካለች የልጇ ፊት እኔ ቤት ነው ያለው። ይኼን ሳስብ የገዛ ሳጥኔን ፈራሁት።

አልበሙን ይዤ ወደ ደንበኛዬ ተመለስኩ። አክስቱን እኔ የማውቃቸው በሩቁ ነው፤ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ እጅ እንነሳሳለን እንጂ ቤታቸው ገብቼ አላውቅም። ልጅ ስላልነበራቸው ቤቱ ለእሱ ቀረ። ያረፉትም መንገዱም ስልኩም ተቋርጦ በነበረበት ጊዜ ስለሆነ ከሰፈሩ ሰው በቀር ለቅሶ የደረሰ አልነበረም።

«የማን ልጅ እንደሆነ አላውቅም፣ እትዬ» አለኝ። «ግን ሊያርፉ ሰሞን ‹የሰው አደራ አለብኝ› ይሉ ነበር። የማን ስንላቸው ያለቅሳሉ። እኛ ሕመሙ የሚያናግራቸው መስሎን ነበር።»

«እዚህ ከመምጣታቸው በፊት የት ነበሩ?»

«የት ያልነበሩበት አለ! ባላቸው የመንገድ ሥራ ሠራተኛ ነበሩ። ሙጃ በሉት፣ ኩልመስክ በሉት፣ ፍላቂት በሉት… ይልቅ ፌስቡክ ላይ ልልቀቀው፤ በአንድ ቀን ይገኛል።»

ደሜ ፈላ። «አንተ! እናቲቱ በራቸው ላይ ተቀምጠው አንዱ ጎረምሳ ስልኩን ይዞ ‹ይኼ የእርስዎ ልጅ አይደለም ወይ?› ቢላቸውስ? ድጋሚ መርዶ ልታረዳቸው ነው? መርዶ ወግ አለው እኮ!» ምስኪን፣ ስልኩን ኪሱ ከተተና «ይቅርታ፣ እትዬ» አለኝ። ያን ዕለት በራሴ ኮርቼ ነው ወደ ቤቴ የገባሁት።

ባሌ ግን ሳቀብኝ። «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» አለ። እውነቱን ነው፤ አልለቀቅኩም። ለአንድ ወር ያህል ቀሚስ የምታስለካ ሴት በመጣች ቁጥር ሙጃን ታውቂያለሽ፣ ፍላቂትን ታውቂያለሽ እያልኩ አሰለቸኋቸው። ልጅ ያልሞተበት ቤት የለምና የሚነግሩኝ ታሪክ አላጡም፤ ከአልበሙ ጋር የሚገጥም ግን አልተገኘም።

አንድ ቀን ዝናቡ ደንበኛ ከለከለኝና የቅርብ መነጽሬን አድርጌ ሁለቱን ሴቶች ማየት ጀመርኩ። ፊታቸውን ብዙ ጊዜ አይቼዋለሁ፤ ያን ቀን ቀሚሳቸውን አየሁ። ፎቶው ጥቁርና ነጭ ስለሆነ የክሩ ቀለም አይታወቅም። ከደረቱ መስቀል ግራና ቀኝ የሚወርዱት ቅጠሎች ግን ሁሉም ወደ አንድ ጎን አጋድለዋል፤ ቀኝ እጅ የጠለፈው እንዲህ አይጋድልም። እንዲህ የሚጠልፍ ሰው በሕይወቴ አንድ ብቻ ነው የማውቀው፤ እኔን ጥልፍ ያስተማሩኝ ሴት ግራኝ ናቸው። ከእሳቸው ስማር ሁሉን ነገር ገልብጬ ነበር የምማረው፣ ስንቴ አልቅሻለሁ መሰላችሁ። መነጽሬን ሳላወልቅ ጃንጥላ ይዤ ወጣሁ።

አሁን መንኩሰው ከአብያተ ክርስቲያናቱ በታች ባለች አንዲት ክፍል ነው የሚኖሩት። ፎቶውን ተቀብለው አፍንጫቸው ድረስ አስጠጉት።

«ጥልፉ የእኔ ነው» አሉ። «ሰዎቹን እንጃ።»

«ኧረ እማሆይ! ሰውን ረስተው ጥልፉን?»

«ሰው ሲያረጅ ፊቱ ይለወጣል። ጥልፌ ምን ሆኖ ይለወጣል!» ብለው ሳቁና እንደገና አዩት። ቆይተው «ፍላቂት ነው» አሉ። «ፍላቂት ሳለሁ ሁለት ጓደኛሞች አንድ ዓይነት ካልጠለፍሽልን ብለው አስቸገሩኝ። አንደኛዋ የመንገድ ሠራተኛው ሚስት፣ ሁለተኛዋ የወፍጮ ቤቱ ሰውዬ ሚስት። አንዷ ያስነጠሳት እንደሆን ሌላዋ ይማርሽ ለማለት ከቤቷ ሮጣ ትመጣ ነበር፤ እንደዚያ ነበር የሚዋደዱ።»

የመንገድ ሠራተኛው ሚስት የሳጥኑ ባለቤት ናቸው። የልጁ እናት እንግዲህ የወፍጮ ቤቱ ሰውዬ ሚስት መሆናቸው ነው። ደስታዬ ወሰን አጣ፤ የእማሆይን ጉልበት ሳምኩ።

«ቀስ በይ ግን» አሉኝ እጄን ይዘው። «አንቺን አውቅሻለሁ፣ ከእግርሽ አፍሽ ይቀድማል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች።»

«እሺ፣ እማሆይ» አልኩ። እሺ ማለት አይከብድም።

በሳምንቱ በማለዳ ሚኒባስ ተሳፍሬ ጋሸና ወረድኩ፣ ከዚያ በሌላ መኪና ፍላቂት። አልበሙን በዚያው ነጠላ ጠቅልዬ ጉልበቴ ላይ ይዤዋለሁ። መንገዱን ሙሉ የምናገረውን ሳሰላስል ነበር የሄድኩት። መጀመሪያ ሰላም እላለሁ። እቀመጣለሁ። ስለ ብርዱና ስለ ገብሱ እጨዋወታለሁ። ከዚያ ልጃቸውን ወይም እህታቸውን ለብቻ ጠርቼ አማክራለሁ፤ እነሱ ይታያቸዋል ካሉ ብቻ ነው አልበሙ የሚከፈተው። ሐሳቤ ሁሉ ስለ ልጁ ነበር። ሌላ ነገር አልታየኝም።

ፍላቂት ብርዱ አጥንት ይገባል። ገበያው አጠገብ የድሮውን ወፍጮ ቤት ስጠይቅ ወፍጮው ከተነሳ ቆየ፣ ሰውዬውም አርፈዋል፣ ሚስታቸው ግን አሉ አሉኝ። «አሉ» ሲሉኝ እርምጃዬን አፈጠንኩ። ግቢው ውስጥ በእኔ ዕድሜ ያለች ሴት ጆንያ ላይ ገብስ ታሰጣለች። ልጃቸው ናት። ሰላም ብያት ከላሊበላ መምጣቴን ነገርኳትና ነጠላውን ገለጥ አድርጌ አሳየኋት።

ፊቷ ክው አለ። «ድምፅሽን ቀንሺ» አለችኝ። «የወንድሜ ነው። በሞቴ፣ እማዬን እንዳታሳያት። ያኔ ሁለት ዓመት ሙሉ ሰው አልሆነችም ነበር፣ በስንት መከራ ነው የተነሳች።»

«አላሳይም። አንቺ ያልሽኝን ነው የማደርገው» አልኳት፣ ከልቤ።

«ማነው?» አሉ እናትየዋ ከውስጥ። «እንግዳ ደጅ ላይ ይቆማል እንዴ? ግቡ እንጂ!»

አልበሙን በጋቢዬ ሸፍኜ ገባሁ። እሳቸው መደብ ላይ ተቀምጠው ሰፌድ ላይ ምስር ይለቅማሉ። ቀጭን፣ ቀልጣፋ አሮጊት ናቸው። ሰላምታው ደርዝ ባለው መንገድ ሄደ፤ ብርዱንም ገብሱንም አነሳን። ቡና ላፍላ፣ ጠላ ልቅዳ ሲሉ እምቢ ለማለት እጄን ሳነሳ ጋቢዬ ሸተት አለና የነጠላው ጫፍ ታየ። እጃቸው ምስሩ ላይ ቆመ።

«ይኼን ማን ሰጠሽ?» አሉኝ።

ልጅቷ በዓይኗ ትለማመጠኛለች። እኔ ደነገጥኩ። ስደነግጥ ደግሞ እንደማደርገው አፌ ቀደመኝ። «ማንም አልሰጠኝም እማማ፣ የሟች ሳጥን ገዝቼ ነው ከውስጡ ያገኘሁት» አልኩ።

«የማን ሟች?»

ቀስ ብለው ነው የጠየቁኝ። እኔም ያን ጊዜ ነው የገባኝ። እኚህ ሴት የጓደኛቸውን መሞት አልሰሙም። መንገድ ተዘግቶ፣ ስልክ ጠፍቶ፣ ከዚያም በኋላ ማንም ትዝ ብሎት አልነገራቸውም። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ምን ብዬ ልመልሰው?

መርዶ የራሱ ሰዓት አለው። ሽማግሌ ይሰበሰባል፣ ጎረቤት ቀድሞ ይነገረዋል፣ ጎህ ሲቀድ ሰውየው ሥራ ሳይጀምር በሩ ይንኳኳል፤ ሲወድቅ የሚደግፈው ሰው ከኋላው ይቆማል። እኔ፣ ያን ምስኪን ሰውዬ መርዶ ወግ አለው ብዬ አፉን ያስያዝኩት ሴት፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ምስር እየተለቀመ፣ ብቻዬን ገብቼ አረዳሁ። ምላሴን በቆረጠው አልኩ። ዛሬም ሳስበው ፊቴን ያቃጥለኛል።

መልሴን ሳይጠብቁ ተነሱ። ሰፌዱ ተገልብጦ ምስሩ መሬቱን ሞላው። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው «ሳልታረቅሽ! እኔ ክፉ! ሳልታረቅሽ!» እያሉ ደረታቸውን መቱ። ልጅቷ ከኋላ አቀፈቻቸው። ጎረቤት ጩኸቱን ሰምቶ መጣ። ሴቶቹ አብረው አለቀሱ፣ ወንዶቹ በሩ ላይ ቆሙ። አንድ ሽማግሌ ወደ እኔ ዞሩና «መርዶ እንዲህ ይነገራል?» አሉኝ።

«አላወቅኩም ነበር፣ አባባ።»

«ዕድሜሽ ስንት ነው?» አሉኝ። አንገቴን ደፍቼ መሬት ላይ ተቀመጥኩና ምስሩን መልቀም ጀመርኩ።

ልቅሶው ጋብ ሲል እናትየዋ ራሳቸው ተናገሩ። ለእኔ ይሁን ለሰዉ፣ ለማን እንደሚናገሩ አይታወቅም ነበር።

«በሦስት ቀን ሕመም ነው ያጣሁት። አልበሙን በገዛ እጄ ነው የሰጠኋት። በልጄ አፅም አስማልኳት፤ ብለምንሽም ብረግምሽም፣ እኔው ሰው ሆኜ እስክቆም እንዳትሰጪኝ አልኳት። ዓመት ሳይሞላ ሄጄ ለመንኳት። አልሰጥም አለች። ደግሜ ሄድኩ። ገና አልቆምሽም አለችኝ። በሦስተኛው…» ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ። «በሦስተኛው ገበያ መሀል፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ መካን ነሽና የልጅ ነገር አይገባሽም አልኳት።»

ልጅቷ ይኼን አታውቅም ነበር መሰል፣ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«ምንም አልመለሰችልኝም። ብዙም ሳይቆይ ባሏ ተዛወረና ሄዱ። ላሊበላ መግባቷን ከሰው ሰማሁ። እሷማ ቃሏን ነው የጠበቀች። እኔ በምን ፊቴ ሄጄ ልጠይቃት? ይኸው እስከ ዛሬ… ቁመቱ ይመጣልኛል። ድምፁ ይመጣልኛል። ፊቱ ግን ጠፋኝ። ስንት ዓመት ሆነው፣ ፊቱ እምቢ አለኝ። እናት የልጇ ፊት ይጠፋባታል?»

መናገር ይኑርብኝ አይኑርብኝ አላወቅኩም፤ ግን አደራው የእኔም ሆኗልና ተናገርኩ። ጓደኛቸው ሊያርፉ ሰሞን «የሰው አደራ አለብኝ» ሲሉ እንደነበር፣ ሲጠየቁም ያለቅሱ እንደነበር ነገርኳቸው። አዳመጡኝ። ከዚያ በኋላ ያለቀሱት ድምፅ አልነበረውም፤ እኔም አብሬ አለቀስኩ፣ ምን ይደረጋል። አንዲት ጎረቤት «አብሽሪ፣ እቴ፣ አብሽሪ» እያለች ጀርባዬን መታ መታ አደረገችኝ።

ሰው ተቀምጦ ማስተዛዘን ሲጀምር፣ አንዲት አሮጊት ለቅሶው ያለ ሟች ፎቶ እንዳይሆን ጠየቁ። በርጩማ ላይ የሚቀመጥ አንድ ፎቶ የላትም ወይ አሉ።

«አላት» አሉ እናትየዋ። «ከእኔ ጋር የተነሳችው። እዚያው ውስጥ ነው።»

ልጅቷ ብድግ አለች። «እኔ አወጣዋለሁ እማዬ። አንቺ ፊትሽን አዙሪ።»

«ስጪኝ» አሉ እኔን፣ እጃቸውን ዘርግተው። ልጅቷን አየኋት። ልጅቷ እናቷን አየች። ከዚያ ዓይኗን ሰበረች፤ እኔም ነጠላውን ፈትቼ አልበሙን ጉልበታቸው ላይ አኖርኩ።

«ፎቶው ከኋላ በኩል ነው፣ እማማ» አልኩ። «ከኋላ ቢገልጡ በቀጥታ ያገኙታል።»

«ተዪኝ» አሉ። «ከፊቱ ነው የምገልጠው።»

ገለጡ። ሕፃኑን አዩና የሳሳውን ወረቀት በጣታቸው አስተካክለው አለፉ። ወንበር ይዞ የቆመውን አዩ። ጥርሱ የወለቀውን ሲያዩ ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ። እኛ ሁላችንም ይወድቃሉ ብለን ተዘጋጅተናል፤ ሁለት ሴቶች ከኋላቸው ሆነዋል። ባለ ሰፊ ጃኬቱ ላይ ሲደርሱ ቆሙ። ፎቶውን ወደ በሩ ብርሃን አዘነበሉት፣ ራሳቸውም አዘነበሉ።

«ልጅ ነው ለካ» አሉ።

«ምን አልሽ፣ እማዬ?»

«እኔማ አብሮኝ ያረጀ መስሎኝ! በሐሳቤ ጢም አብቅዬለት፣ ሽበት ጣል አርጌበት፣ ሚስት አግብቶ ልጆች ወልዶ ነበር የምፈልገው። ለዚያ ነው ለካ ፊቱ የጠፋኝ። እይው እስቲ፣ ልጅ እኮ ነው።»

ልጅቷ አጠገባቸው ተንበረከከችና ትከሻቸው ላይ አገጯን አስደግፋ ፎቶውን አየችው። «ታላቄ ነበር» አለች።

«አዎ» አሉ እናቷ፣ ጭንቅላቷን እየዳበሱ። «አሁንማ ታናሽሽ ነው።»